ለ«አልሠራም» ስንት ይከፈላል?

ጂማ ውስጥ ቶርኖ ቤት ገብቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ብዙ አላውቅም። ፑሊ ተሰበረብኝ ብትል ይሠሩልሃል። ዘንግ ተበላብኝ ብትል በብየዳ ሞልተው፣ ቶርኖ ላይ አስረው፣ ልኩን አውጥተው ይሰጡሃል። «ኦሪጅናሉ ጠፋ» ማለት እነሱ ዘንድ ሥራ መጣ ማለት ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለእያንዳንዱ ዕቃ እዚያ ድረስ መሮጥ ስለማይቻል ከተማው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው የሚኖረው ብል አላጋነንኩም።

ከእነሱ አንዱ፣ አጎቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሚያውቃቸው ሽማግሌ፣ አንዲት ቀጭን ቱቦ እጄ ላይ መለሱልኝና «ይህን እኔ አልሠራም» አሉኝ። ሥራ በዝቶባቸው አይደለም፤ ቶርኖው ቆሞ ነበር። ስለ ብርም ገና አልተነጋገርንም። ነገሩ አልፎ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ቡናው ተፈልፍሎ ካለቀ በኋላ እንኳ ያ መልስ ይከነክነኛል። ጽፌው ልገላገል።

ትንሿ ዕቃ

አጎቴ የቡና መፈልፈያ አለው። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። መብራቱ ደግሞ የሚጠፋው ጆንያው በር ድረስ ሲከመር ነው። ስለዚህ ናፍጣ ሞተር የግድ ነው። አሮጌው ሞተር መጀመሪያ ቴስታታው ተሰነጠቀ፣ ቀጥሎ ብሎኩ ተከተለ። እሱን ማዳን ድካም ነበር። አጎቴ ጠያይቆ ባለ አራት ሲሊንደር የአይሱዙ ሞተር በደህና ዋጋ አገኘ፤ ያለ ፖምፓ፣ ናፍጣውን በግፊት የሚልከው ዕቃ ሳይኖረው ማለት ነው።

ፖምፓ ከሌላ ሞተር መጣ። መካኒኩ የሚዞርበት አቅጣጫ አንድ መሆኑን አየ። ማሰሪያው ሳህን እዚያው ሽማግሌው ቶርኖ ቤት ተሠራ። ታይሚንጉ፣ ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት ማለት ነው፣ ተስተካከለ። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኢንጄክተሮችም ተፈትሸው ተመለሱ። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ግን ስልክ ላይ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ስለምችል፣ ቤተሰቡ ውስጥ «ፈላጊው» እኔ ነኝ። ያለቀ ሞተር ሊነሣ ሲል ከፖምፓው ወደ ኢንጄክተሮቹ የሚሄዱት አራት ቱቦዎች እንደማይገጥሙ ታወቀ። ከሞተሩ ሁሉ ትንሹና ርካሹ ዕቃ ነው። እሱ ነው ያሰቃየን።

ናፍጣ ሞተር የሚያውቅ የሚቀጥሉትን ሁለት አንቀጾች ይዝለል። ቱቦዋ በውጭ 6 ሚሊ ሜትር ናት። በውስጥ ያላት ቀዳዳ የክብሪት እንጨት አያስገባም። የቤት መኪና ጎማ 2 ወይም 3 ባር አየር ይይዛል። በእንዲህ ያለ ሞተር ኢንጄክተሩ አፉን የሚከፍተው ግፊቱ 200 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። ጭነት ሲበዛ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከዚያም እጥፍና ከእጥፍ በላይ ይወጣል። «ኮመን ሬል» የሚባሉት የዛሬ ናፍጣ ሞተሮች 2000 ባር ይደርሳሉ፤ የእነሱ ጉድ ለብቻው ነው።

ይህን ግፊት የሚዘጋው ጎሚኒ ወይም ቴፍሎን እንዳይመስላችሁ። የቱቦው ጫፍ ሾጣጣ ነው። ፖምፓው አፍ ላይ 60 ዲግሪ የተከፈተ መቀመጫ አለ። ዳዶው ሲጠብቅ ሾጣጣው መቀመጫው ውስጥ ይጫናል፤ ብረት በብረት ይዘጋል። ዳዶው ገፊ ብቻ ነው። ጥርሱ አንዲት ጠብታ አያስቆምም። ለዚህ 60 ዲግሪ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ቁጥሩ አይ ኤስ ኦ 2974 ነው። ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ የተሳካለት ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው በታመቀ አየር ነበር። ቦሽ የኢንጄክሽን ፖምፓን በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 ነው። ቱቦና ዳዶ ይዘን መንከራተት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው።

ሁሉም «ይሆናል» ይላል

የነበሩን ቱቦዎች ኢንጄክተሩ ላይ ይገጥማሉ፤ ዳዶው 14 በ1.5 ነው፤ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5። ፖምፓው ግን 12 በ1.5 ይፈልጋል። መካኒኩ ከተቃጠለ ተመሳሳይ ፖምፓ አንዱን አፍ ፈትቶ ሰጠኝ። እሱን በፌስታል ጠቅልዬ ሂርማታ ወረድኩ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። የገበያ ቀን ሂርማታ ላይ መለዋወጫ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የጂማ ሰው ያውቃል፤ ሰው፣ ፍየል፣ ባጃጅ፣ ጭቃ።

አንደኛው ሱቅ ያለው ልጅ አፉን ከእጄ ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ሲያተራምስ ቆየና አንድ ዳዶ አወጣ። «ይሄ ይሆናል ወንድሜ» አለኝ። በጣቱ አዞረው። አንድ ዙር ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ሦስተኛው ላይ ያዘ።

«ገባ አይደል? የቀረውን በመፍቻ ትጨርሰዋለህ።»

ካሊፐሬን አወጣሁ። የሁለቱም ስፋት 12 ነው። ልዩነቱ ጥርሱ ላይ ነው፤ የእኛ 1.5፣ የእሱ 1.25። ጎሚስታ ቢሆን ወዲያው ይነግረኝ ነበር። የብዙ ቶዮታዎች የጎማ ዳዶ 12 በ1.5 ነው፣ የብዙ ኒሳኖች 12 በ1.25። እያቀያየረ ያሰረ ጎሚስታ ጥርስ ጨርሶ ያውቀዋል። መፍቻ ብትጠቀም በርግጥ ይገባል። ብረቱ ይታዘዝሃል፤ የሁለቱም ጥርስ ተበልቶ ነው የሚታዘዝህ።

ሌላው ሱቅ የፍሬን ቱቦ አወጣልኝ። «ፍሬን የሚይዝ ናፍጣ አይዝም?» አለኝ። ጥያቄው ደስ ይላል። ፍሬንን በኃይል ስትረግጠው መቶ ምናምን ባር ይደርሳል፤ ቱቦው የተሠራው ለዚያ ነው። ቀጭን ነው፣ ጫፉም ተገልብጦ የተጠቀለለ እንጂ ድፍን ሾጣጣ አይደለም። ናፍጣው የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ይቀደዋል።

ሦስተኛው ሰው ግን አሳሰበኝ። የሎደርና የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ጎማ ቱቦ የሚያስር ልጅ ነው፤ ሥራውን ያውቃል። «ባለ ሁለት ሽቦው 400 ባር ይሸከማል፣ ጫፉን በፈለግከው ልክ አስርልሃለሁ» አለኝ። ቁጥሩ ትክክል ነው። በዚህ ጉዳይ አንድ ማታ ሙሉ አነበብኩ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፖምፓው በአንድ ምት የሚልከው ናፍጣ አንድ የውሃ ጠብታ ያህል ነው፤ ከዚያም ያንሳል። ቱቦው እንደ ጎማ ትንሽ ካበጠ ያቺ ጠብታ እብጠቱን ትሞላና ታልቃለች። ግፊቱ ኢንጄክተሩ ጋ ዘግይቶና ደክሞ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። እዚህ ቦታ ላይ የቱቦው ግትርነት ራሱ የሥራው አካል ነው።

እንዲህ እየዞርኩ ሳለ መፈልፈያው ጋ ትዕግሥት አለቀ። ጭነት ቆሟል፣ ባለቡናዎቹ በየሰዓቱ ይደውላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ግን ሩጫው የራስህ ቡና ሲሆን ማን ይሰማል? አንዱን ቱቦ ቆርጠው፣ ከሌላ አሮጌ ቱቦ ጫፍ ወስደው፣ ጋዝ በያጅ ዘንድ በነሐስ አስበየዱት። በያጁም «ይሆናል» ብሏል። ለሦስቱ ሌሎችም ከዚያው ዓይነት ተሠራ። ተገጠመ። ሞተሩ ተነሣ። ሰው አጨበጨበ።

እኔ ስደርስ አንዱ ሲሊንደር ይንኳኳ ነበር። ከፖምፓው በላይ እንደ ጉም የመሰለ ቀጭን ነገር ይታያል። የመካኒኩ ረዳት፣ ገና ልጅ ነው፣ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ እጁን ሰደደ። መካኒኩ ሸሚዙን አንገቱ ላይ ይዞ ወደ ኋላ ወረወረው። ልጁ ተናደደ። የተጣላው መስሎታል።

ይህን ሳላብራራ ባልፍ ደስ አይለኝም። በዚህ ግፊት ከቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። የሚተወው ምልክት መርፌ የወጋው ያህል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል። ውስጡ ግን ናፍጣው በጣቱ ጅማት በኩል ሽቅብ ሄዷል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ጥገና ካላገኘ ጣት ይቆረጣል፣ አንዳንዴ እጅ። ሐኪሞች ከናፍጣ ሞተር የመጣ እንዲህ ያለ ጉዳት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ጽፈውበታል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ነው። እጅ አይጠጋም።

ሞርሳው ላይ

በማግሥቱ የተበየዱትን ቱቦዎች ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ብየዳው ይቅር፣ ጫፉን እሳቸው ከብረት በቶርኖ ይቅረጹልን። ማሰሪያውን ሳህን እንደዚያ አሳምረው የሠሩ ሰው ሾጣጣ ያቅታቸዋል?

«ጋሼ፣ እንደዚህ ያለ ጫፍ አራት ይሥሩልን። ልኩ ይኸው» አልኳቸው። ወረቀት ላይ ስዬዋለሁ፤ 60 ዲግሪውንም ጽፌበታለሁ።

ወረቀቱን አላዩትም። ቱቦዋን አገላበጧት። በአንዱ አፍ በኩል ወደ መስኮቱ አቅንተው አዩ። «ልቁረጣት?» አሉኝ።

«ይቁረጧት።»

ሞርሳ ላይ አሰሯት። በሴጌቶ ብየዳው ያለበትን ሁለት ጣት ያህል ቆርጠው አወጡ። ከዚያ ያቺን ቁራጭ አጋድመው መልሰው አሰሩና በሞረድ ይበሏት ጀመር። ቸኮል አላሉም። መሀል ላይ ጎረቤት ገብቶ ስለ በቆሎ ዋጋ ጠየቀ፤ በኦሮምኛ መለሱለት፣ ሞረዱ አልቆመም። ግማሹ ጎን ተበልቶ ሲያልቅ የቱቦዋ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ።

እዚያ ድረስ ብየዳ ውጭ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ነሐሱ ቀልጦ በመገጣጠሚያው በኩል ወደ ውስጥ ሰርጓል፣ ቀዳዳዋ ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቢጫ ጉብታ ሠርቷል። የቀረው መተላለፊያ ፀጉር ቢገባበት ነው። ከጉብታው ወዲያና ወዲህ ብረቱ በእሳት ጠቁሮ ተፈርፍሯል። ሽማግሌው ከኮታቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ጫር አደረጉት። ጥቁር ዱቄት እኔ ሥዬ በሰጠኋቸው ወረቀት ላይ ረገፈ።

«ይሄ ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ።

«ወደ ኢንጄክተሩ።»

«እንግዲህ።»

ኢንጄክተር ውስጥ ያለችው መርፌ ከቤቷ ጋር ያላት ክፍተት ከሚሊ ሜትር ሺኛ ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ነው። ያ ዱቄት እዚያ ሲገባ የሚሆነውን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሲሊንደሩ የተንኳኳው ለምን እንደሆነም ገባኝ።

«እሺ ብየዳው ይቅር» አልኩ። «ጫፉን ከወፍራም ብረት አውጥተው፣ መሀሉን በስተው…»

«መልኩን አወጣልሃለሁ» አሉ። «ከኦሪጅናሉ አትለየውም። ግን ይሄ ጫፍ ተቆርጦ የወጣ አይደለም የኔ ልጅ። ብረቱ ሳይሞቅ ተጭኖ፣ እዚያው ከራሱ ከቱቦው አብጦ የወጣ ነው። መገጣጠሚያ የለውም። መጫኛው ደግሞ እኔ ጋ የለም።» ቁራጯን መዳፌ ላይ አስቀመጡ። «ፑሊ ሠርቼልህ ቢሰበር እኔው ጋ ትመለሳለህ። ይሄ ቢሰበር ማን እንደሚመለስ አላውቅም። ይህን እኔ አልሠራም።»

ከዚያ ቁራጯን መልሰው ጠየቁኝ። እንደገና እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዲያያት እፈልጋለሁ አሉ። በዚያው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስሄድ ምን እንደምጠይቅ፣ ቱቦውን ስገዛ ምኑን እንደማይ ነገሩኝ። ስንት ልክፈል ስል ሳቁብኝ።

የተቀጣው ማን ነው?

ከዚያ ስወጣ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሰውየው አርጅተዋል፣ ድፍረታቸው አልቋል አልኩ በልቤ። አጎቴ ደግሞ «ዱሮ እንዲህ አልነበሩም» አለ። አሁን ግን ነገሩን ሳሰላስለው ሌላ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እዩት። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ቢሄድ፣ እያንዳንዱ ቱቦ በሁለት ዙር አንዴ ይመታል። በደቂቃ 750 ምት ነው። በሰዓት 45,000። ብየዳው ሲገጠም ያዘ፣ ሲነሣም ያዘ። በያጁ ብሩን ተቀብሎ ሲሄድ ሥራው ልክ ነበር ማለት ይቻላል። «ይሆናል» የሚል ሰው የሚከፈለው በመጀመሪያው ምት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ምናምን ሺህ ምት የባለ ሞተሩ ዕዳ ነው። ሲፈነዳም «ናፍጣው ቆሻሻ ነው»፣ «ቱቦው ቻይና ነው»፣ «አጥብቃችሁ አስራችሁት» ይባላል። ጥፋቱ የሚያርፍበት ሰው አይገኝም።

የሽማግሌው መልስ ግን ምንም ማስረጃ የለውም። እሳቸው ያልሠሩት ጫፍ መቼም አይሰበርም። ማንም ሰው እጁን አይጎዳበትም። ልክ እንደነበሩ የሚያሳይ አንዳች ነገር ስለማይፈጠር ማንም መጥቶ አያመሰግናቸውም። ለዳዶው ከፍለናል። ለበያጁ ከፍለናል። ሞተራችንን ያዳኑት ሰው ግን በዚያ ቀን ያገኙት አንድ የሴጌቶ ምላጭ ማደንዘዝ ነው።

እምቢታ ሁሉ ይከበር እያልኩ አይደለም። እዚህ አገር እምቢታ ሞልቶናል። መስኮት ላይ ተቀምጦ ፋይልህን ሳይገልጥ «አይሆንም፣ ሰኞ ተመለስ» የሚል ሰው እምቢ ብሏል፤ ለሱ ምን እከፍለዋለሁ? የሽማግሌው እምቢታ ሥራ ነበረበት። ቆረጡ፣ ሞረዱ፣ አሳዩ፣ የሚኬድበትን ነገሩ። ምናልባት ጫፉን ከመቅረጽ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

ደግሞ ሌላም አለ። እሳቸው እምቢ ማለት የቻሉት ቶርኖው የራሳቸው ስለሆነ ነው። ልጆቻቸው አድገዋል፣ ደንበኛቸው የሠላሳ ዓመት ነው፤ የእኔ ሥራ ቢቀር ምሳቸው አይቀርም። ያ በያጅ ግን ወጣት ነው። የጋዙ ሲሊንደር የኪራይ ነው፣ ቦታውም የኪራይ ነው። እኔ ብሆን በዚያ ቀን ጠዋት ምን እል ነበር? ሰው ቱቦ ይዞ፣ ብር ይዞ፣ እየለመነ ቆሟል። ጎረቤቱ በያጅ አሥር ሜትር ላይ ነው። እምቢ ቢል ሥራው ወደዚያ ይሄዳል እንጂ አይቀርም። ስለዚህ በእሱ ላይ ብዙ መፍረድ አልሆነልኝም። እምቢታ አቅም ይፈልጋል፤ አቅሙን ደግሞ የምንሰጠው እኛ ደንበኞቹ ነን፣ ወይም እንነሳዋለን። ለማየትና ለመመርመር ብቻ የሚከፍል ደንበኛ ቢኖር ኖሮ ልጁም ቱቦዋን ወደ ብርሃን አቅንቶ ለማየት ጊዜ ያገኝ ነበር።

ሐኪም ዘንድ ለካርድ እንከፍላለን። «ቀዶ ጥገና አያስፈልግህም» ሲለን ብራችንን መልስ አንልም፤ እንዲያውም ደስ ብሎን ነው የምንወጣው። ቶርኖ ቤት ስንገባ ግን ብረት ይዘን ካልወጣን ያልተሠራልን ይመስለናል።

ሶማሌ ተራ

መንገዱን ልለፈው፤ ወልቂጤን፣ የግቤን ቁልቁለት፣ አውቶቡሱን ሁሉም ያውቀዋል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቼ የፖምፓውን አፍና የኢንጄክተሩን ዳዶ አሳየሁ። እንደተመከርኩት «ይሄ አለህ?» አላልኩም። በአንድ ጫፍ 12፣ በሌላው 14፣ ሁለቱም 1.5 ጥርስ፣ ቱቦው 6፣ ርዝመቱ ከእኛ የሚበልጥ እንጂ የማያንስ፣ አራቱም እኩል የሆነ አልኩ። ሻጩ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ከጣሪያው ሥር በሽቦ የታሰረ እስር አወረደ።

ያየሁት ሾጣጣውን ነው። መቀመጫው ያሳረፈበት ቀለበት ዙሪያውን ያልተቋረጠና ጥልቅ ያልሆነ መሆኑን። ወደ ብርሃን አቅንቼ ቀዳዳው ክብ መሆኑን። ዳዶው ጀርባውን ሳይይዘው በነፃ መዞሩን። አምስተኛም ጨምሬ ገዛሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንዲሉ። ሻጩ ሊጨርስልኝ ሲል አንዱን ቱቦ ከእስሩ አውጥቶ ጣለው። «ይሄ ጫፉ ተጎድቷል፣ አልሸጥልህም» አለኝ። ሁለተኛው እምቢ ባይ ሆነልኝ፤ ለሱ ደግሞ እዚያው ሌላ ዕቃ በመግዛት ካስኩት።

ቱቦዎቹ ከሚያስፈልገን ይረዝሙ ነበር። ለምን አትቆርጡትም ያለን ሰው ነበር። የሩቁን ሲሊንደር ረጅም፣ የቅርቡን አጭር ማድረግ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ግፊቱ በናፍጣ ውስጥ የሚጓዘው በሴኮንድ 1400 ሜትር አካባቢ ነው። አንዱ ቱቦ ከሌላው በ10 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ፣ በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ያ ሲሊንደር አንድ ዲግሪ ለመድረስ ጥቂት እስኪቀረው ዘግይቶ ይረጫል። መካኒኩ ታይሚንግ ለማስተካከል የለፋው ለዚያች ዲግሪ ነው። ስለዚህ አራቱም እኩል ይቀራሉ፣ ትርፉ በመጠምዘዣው ይበላል። የፋብሪካ ሞተር ላይ ቅርብ ያለው ቱቦ ያለ ምክንያት የሚመስል ዙር ሲዞር ያያችሁት ለዚህ ነው።

ለመጠምዘዣው ሽማግሌው ዘንድ ተመለስኩ። ጎድጎድ ያለ ክብ ብረት በቶርኖ አወጡልን፤ ቱቦው ሳይሰበር፣ ሳይሞቅ፣ ሳይጠፈጠፍ በዚያ ላይ ይታጠፋል። ይህን ያለ አንዲት ቃል ተቀብለው ሠሩት፣ ዋጋውንም እንደማንኛውም ሥራ ጠሩ። ውስጡን በንጹሕ ናፍጣ አጠብን። በየመሀሉ ጎሚኒ ያለው ማቀፊያ አሰርን፤ ቱቦ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በግፊት ሳይሆን በመንቀጥቀጥ ነው። ዳዶውን በቶርክ መፍቻ 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ አጠበቅን። መፍቻ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ማጥበቅ የለመደው ረዳት ይህ ትንሽ ሆነበት። ሾጣጣው ግን የሚዘጋው ስለገጠመ ነው፤ ስለተጨቆነ አይደለም። ከልክ በላይ ከጠበቀ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አያዘጋውም።

በኢንጄክተሮቹ በኩል ዳዶዎቹን አላልተን አየሩን አስወጣን። ናፍጣው አረፋ አረፋ ሲል ቆይቶ ጥርት ብሎ መጣ። ጠበቀ። ተነሣ። ልጁ ራሱ፣ ያ እጁን ሊሰድ የነበረው፣ ካርቶን ቀዶ በአራቱም መገጣጠሚያ ዙሪያ አዞረው። ካርቶኑ ደረቅ ወጣ።

ደረሰኝ

ቡናው ካለቀ በኋላ አጎቴን ለሽማግሌው የሆነ ነገር እንስጣቸው አልኩት።

«ለመጠምዘዣው ከፍለናል እኮ።»

«ለዚያኛው ቀን።»

«ላልሠሩት ሥራ?» አለ። ሲስቅ ቆየና ዝም አለ። አራት ኢንጄክተር ስንት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል። በመጨረሻ የበያጁን ያህል እንክፈላቸው ተባለ። ሽማግሌው መጀመሪያ አልቀበልም አሉ። «የምርመራ ነው ጋሼ» ስላቸው ትንሽ አሰቡና፣ ግማሹን ብቻ ወስደው «ግማሹ ለዚያ ለበያጁ ልጅ ይሁን፣ እኔ ጋ ላከው፣ ያቺን ቁራጭ ላሳየው» አሉ። ልኬዋለሁ። መሄድ አለመሄዱን እስካሁን አልጠየቅኩም።

የመፈልፈያው ሒሳብ ያዥ ወጪውን ስትመዘግብ ተቸገረች። ደረሰኝ የለውም፣ ዕቃም የለውም።

«የምን ልበለው?» አለችኝ።

«የቱቦ ጫፍ።»

«ስንት ፍሬ?»

ምንም አልኳት። ጥገና ብላ አለፈችው።